ለሐኪሙ ያልነገርኩት

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልክ እንደጻፍኩት ሆኗል ብዬ አልምልም። የመጀመሪያ ልጃችን መታመም ስትጀምር ገና ዓመት አልሞላትም እላለሁ፤ እናቷ በሕይወት ሳለች ደግሞ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው ትል ነበር፤ ሳንስማማ ቀረን። ወደ ሆስፒታል የወሰድናት በጥቅምት ይመስለኛል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የኑግ ማሳ ቢጫ ሆኖ ስለሚታየኝ ነው። ሆኖም ያንን ቢጫ ከሌላ ዓመት፣ ከሌላ ጉዞ አምጥቼ እዚያ ላይ ለጥፌው ሊሆን ይችላል። ሰው ያዘነበትን ቀን ሲያስታውስ የጎደለውን ከየትም አምጥቶ ይሞላል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ልጠራጠር ብሞክርም አልቻልኩም። ሐኪሙ ልጄን ሊያድናት ይችል የነበረ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም ዋሸሁት። ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር ትንሽ ራቅ ብዬ መነሳት ግድ ይሆንብኛል።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ዳንግላ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቶ፣ ዲግሪ ይዞ ወደዚያ ከተማ የተላከ ሰው ብዙ አልነበረምና ሰዉ ከዕድሜዬ በላይ ያከብረኝ ነበር። ባለጋሪው እኔን ሲያሳፍር ፈረሱን አያጣድፍም። ከገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ካርቶን በደረሳቸው ቁጥር ሰው ልከው ያስጠሩኝና ወንበር አስቀምጠው ያስነብቡኛል። ጽሑፉ አንዳንዴ ስለ ሳሙና አጠቃቀም፣ አንዳንዴ ስለ አይጥ መርዝ አደገኛነት ሆኖ ይገኛል። እኔ ግን ያንን ወንበር እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

ባለቤቴ የእንጅባራ ልጅ ነበረች፤ ያን ጊዜ ብዙው ሰው ከተማውን ኮሶበር ይለው ነበር። ወላጆቿ ወደ ጥርባ በሚወስደው ደጋ ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ከልጃችን ጋር ብቻዋን ስትሆን በአገውኛ ታጫውታታለች፤ እኔ በበሩ ስገባ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። እንዲህ አድርጊ ብያት አላውቅም። አታድርጊ ብያትም አላውቅም፤ ዝምታዬ በቂ ነበር።

ልጅቷ ጤነኛ ሆና ተወለደች። ጡት ብቻ በምትጠባባቸው ወራት ጉንጮቿ ሞልተው ዓይኖቿን ያጠብቡባት ነበር። በደጃችን ጋሪ ሲያልፍ ምላሷን እያንኳኳች ፈረሱን የምትነዳው እሷ ይመስላታል፤ እናቷም «አንቺ ባለጋሪ» ትላታለች። ምግብ ልንጀምርላት ስንል አማቴ ከእንጅባራ መጡ። አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ስልቻ በሶ ከጋሪው አስወረዱና ገና ሳይቀመጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ የእርስዎ ዳንግላ እህሉ ውሃ ነው» አሉኝ። አማቴ ሲያከብሩኝም ሲቀልዱብኝም «እርስዎ» ይሉኝ ነበርና የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፊታቸውን ማየት ያስፈልግ ነበር። «ዳጉሳ በልቶ ያደገ ልጅ ሲሮጥ ጉልበቱ ይንቋቋል። ይኸው ገብስ። እኔው ፈትጌ፣ እኔው ቆልቼ ያመጣሁት ነው።»

«ዳጉሳ እኛ ቤት አይገባም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንዴ፣ ሚስትዎ ከጤፉ ጋር ደባልቃ ትጋግርልዎት የለም? ነው ወይስ ሳያውቁት ነው የሚበሉት?»

ባለቤቴ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዳጉሳ በከተማው ዘንድ የጠላና የድሃ እህል ነበር፤ ዲግሪ ያለው ሰው ልጅ በዳጉሳ ማደጓን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ የምትበላው እኔ በምመርጠው ሆነ፤ ጠዋት የገብስ አጥሚት፣ ቀን የገብስ ገንፎ፣ ደመወዝ በሰነበተበት ሳምንት ደግሞ የስንዴ ዳቦ በወተት።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የገባው። መጀመሪያ ሆዷ ለሰለሰ፤ ጥርስ ልታበቅል ነው አልን። ከዚያ ማቆም አቃተው። እዳሪዋ ነጣ ያለ፣ ቅባት የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ሆነ። ሆዷ ተነፋ፤ ክንድና እግሯ ግን ሟሸሹ፤ መቀመጫዋ ላይ የነበረው ሥጋ አልቆ ቆዳው እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተሸበሸበ። ሁለት ሦስት እርምጃ መራመድ ጀምራ ነበር፤ እሱን ተወችና ወደ ዳዴ ተመለሰች፤ በኋላ ዳዴውንም ተወችው። የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ሆና ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ጋሪ ሲያልፍም ቀና ብላ አታይም።

ጎረቤታችን ጠላ የምትጠምቅ፣ በሰፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ በእሷ እጅ ያደገ የሚመስላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን የልጅቷን ከንፈር ገልብጣ ድዷን አየችና ለባለቤቴ ፍርዷን ነገረቻት።

«ግግ ነው። ይኸው ነጭ ሆኖ አልታየሽም? ሳይወጣ ከቆየ ሆድ ይበላል። የምታወጣ ሴት አለች፤ እጇ ፍቱን ነው።»

«በምንድን ነው የምታወጣው?» አልኳት እኔ።

«በወስፌ ነዋ። በምን ልታወጣው ኖሯል፣ በእስክሪብቶ?»

አልፈቀድኩም። ያልበቀለ የሕፃን ጥርስ በወስፌ ከድድ ውስጥ መፈልፈል ስንት ልጅ እንደሚገድል ኮሌጅ ሳለሁ ሰምቼ ነበር። በዚህ ውሳኔ ዛሬም አልጸጸትም። ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ትክክል መሆኔ ክፉኛ ጎዳኝ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቴና የእሷ ወገኖች በተናገሩት ነገር ሁሉ ውስጥ ያንን ወስፌ ማየት ጀመርኩ።

ወደ ከተማው ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ሙያውን በጦር ሠራዊት ውስጥ የለመደ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ዶክተር ብለው የሚጠሩትን አያርምም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ትል ነው አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ አሜባ ነው አለ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ወንበሩን ወደ እኔ አቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም። እኔ ዘንድ ለሆድ ያለው መድኃኒት ሦስት ዓይነት ነው። ሁለቱን ሞከርናቸው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ካለቀ ሁለት ወሩ።» ከዚያ ልጅቷን አገጯን ይዞ አያትና ቀልዱን ተወው። «ምግብ አታጓድሉባት። ገብሱን በርቱበት፤ ጠጋኝ እሱ ነው።»

እሱም የሚያውቀውን ነው የተናገረው። በዚያ አገር በገብስ የማይታመን ሰው አላየሁም። የወለደች ሴት በገብስ ትጠገናለች፤ ከደዌ የተነሳ ሰው በበሶ ይበረታል፤ መንገደኛ በሶ ሳይቋጥር አይወጣም። ልጅ የሚያከሳ ነገር ሲፈለግ ሁሉም ዓይነ ጥላን፣ ጥርስን፣ ብርድን፣ ትልን ይጠራ ነበር እንጂ ጣቱን ወደ ገንፎው ሳህን የሚያቀና አልነበረም። በከሳች ቁጥር ጨመርንላት። በጨመርንላት ቁጥር ከሳች።

ክረምቱ ሲገባ ለአስተማሪዎች የሚሰጥ ኮርስ ነበርና አዲስ አበባ ሄድኩ። መሄዴን ዛሬ ሳስበው ሽሽት ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ግዴታ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። የተመለስኩት ጳጉሜ ላይ ነው። ከመኪና ወርጄ ወደ ቤቴ ስቀርብ አንዲት ራሷን የተላጨች ሕፃን በአጥሩ በር ላይ ቆማ የበቆሎ አገዳ ትመጥጣለች። የጎረቤት ልጅ ናት ብዬ ላልፋት ነበር። እናቷ ከውስጥ አይታኝ ወጣችና ቆመች።

«አላወቅኻትም?» አለችኝ።

ልጄ ነበረች። ክንዷ ሞልቷል፣ ሆዷ ገብቷል፣ ጉንጯ ተመልሷል። ቆማ ነበር። ሮጬ ማንሳት ሲገባኝ ሻንጣዬን እንደያዝኩ፣ «ራሷን ማን ላጫት?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ መሆኑን ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም፤ እኔም አልረሳሁትም።

«ጠበል ወስጄያት ነው» አለች። «ከአክስቴ ጋር ሆነን አንድ ወር ተቀመጥን።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንን ልጠይቅ? አንተ አዲስ አበባ ነህ። ድሬሰሩ መድኃኒቴ አለቀ ብሏል።»

«በክረምት፣ በዚያ ጭቃና ብርድ፣ ሕፃን ልጅ ይዘሽ ቆላ ለቆላ…»

«ቆማ እኮ ነው የምታያት» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ተቀምጣ ትተሃት ሄድክ፤ ቆማ ነው የምታያት።»

ኮሌጅ የተማረ ሰው የሚያገኘውን መልስ አገኘሁ። መድኃኒቱ ዘግይቶ ሠርቶ ነው አልኳት። ትሉ የሞተው ከመሄዳችሁ በፊት ነው፤ አንጀቷ እስኪያገግም ጊዜ ወስዶ ነው፤ ጠበሉ ላይ መሆናችሁ መገጣጠም ነው። እሷም ክርክሩን አልፈለገችውም።

«ይሁንልህ» አለችኝ። «ብቻ ትኑር።»

አዲሱ ዓመት ገባ። መስቀልን በደስታ ልናከብር ተዘጋጀን። አማቴ የልጅቷን መዳን ሰምተው ሁለት ስልቻ በሶ ላኩ። እኔም የጠፋውን ወር ልክስ በሚል በየቀኑ ከከተማው ዳቦ ቤት የስንዴ ዳቦ እያመጣሁ ራሴ ከወተት ጋር አበላት ጀመር። አባት ልጁን ተቀምጦ በእጁ ማብላቱ በሰፈራችን ያልተለመደ ነበርና ጎረቤታችን በአጥር ላይ እያየች ትስቃለች። ልጄ ዳቦውን ስትጎርስ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ይህ ትውስታ እውነተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ የፈጠርኩት ቢሆን ኖሮ ይተወኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ያው ነጭ እዳሪ፣ ያው ሆድ፣ ያው ልቅሶ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ፈጠነ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አይታት በሦስተኛው ቀን ጠበል እንመለስ አለችኝ።

«አልሄድም» አልኳት። «ልጄ በአንድ ክረምት ዳነች፣ በሌላ ክረምት ታመመች እየተባለ አትኖርም። ሆስፒታል እንወስዳታለን።»

«ስለናቅኸው ነው የተመለሰባት» አለችኝ። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን መጻሕፍት አየች እንጂ እኔን አላየችኝም። ጥቂት ቆይታ ግን ተስማማች፤ ስትስማማም አንድ ቃል አስገባችኝ። «እሺ፣ ሆስፒታሉ ይሁን። ግን ለሐኪሙ ሁሉንም ትነግረዋለህ። ጠበል እንደሄደች፣ እዚያ ሳለች እንደዳነች ትነግረዋለህ። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ አፌ አንተ ነህ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ሆስፒታል ያለበት ከተማ ሩቅ ነበር። ጠዋት በጭነት መኪና ጋቢና ተነስተን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከሐኪሙ በር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራችንን ስንጠብቅ ባለቤቴ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ፈታች። ጠበል ነው። የልጅቷን ግንባር ልታስነካ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ይኼን ደብቂው» አልኳት። «ሰው ያያል።»

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። ጎኑ የሚቆም አስተርጓሚ ነበረው፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠሁና አስተርጓሚ አያስፈልገኝም አልኩ። ሐኪሙ ቅንድቡን አንስቶ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ለመናገር እፍራለሁ። አስተርጓሚው ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። እሱ ቢቀር ኖሮ ባለቤቴ ራሷ በተናገረች ነበር።

ልጅቷን በደንብ መረመራት። ሆዷን ነካ፣ የመቀመጫዋን ቆዳ ቆነጠጠ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ። መቼ እንደጀመራት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጣት ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ምን ትበላለች አለኝ፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወተት፣ እንቁላል አልኩት፤ የዳጉሳን ነገር አላነሳሁም። ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ፊቴን እያየ በዝግታ ጠየቀኝ። ይህ ሕመም ከያዛት ወዲህ ተሽሏት ያውቃል? ተሽሏት ከነበረ የት ነበረች፣ ምንስ ትበላ ነበር?

እዚህ ላይ ማቆምና መጠንቀቅ አለብኝ። ተሽሏት ያውቃል ወይ ብሎ እንደጠየቀኝ እርግጠኛ ነኝ። የት ነበረች ማለቱንም አምናለሁ። ምን ትበላ ነበር ማለቱን ግን በኋላ ካወቅሁት ነገር ተነስቼ እኔው ራሴ አፉ ውስጥ ከትቼው እንደሆነ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ክፍል እየከፈትኩ ገብቻለሁ፤ በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ሳልነካ ወጥቻለሁ ለማለት አልችልም።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ጠበል የሚለውን ቃል በዚያ ሰው ፊት፣ በዚያ ሰው ቋንቋ መናገር ነበረብኝ። ሚስቴ ልጃችንን ቆላ ወርዳ ከምንጭ ሥር አንድ ወር አስቀመጠቻት፣ ተሻላትም ማለት ነበረብኝ። ያ ፈገግታ ከፊቱ ሲጠፋ ታየኝ። እንደ ሌሎቹ ነህ ማለት ነው ሲለኝ ታየኝ። ሰውየው እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አጠገቤ ተቀምጣ የአፌን እንቅስቃሴ የምትከተለውን ሚስቴን ረስቼ መለስኩ።

«የለም» አልኩት። «አንድም ቀን ተሽሏት አያውቅም።»

ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ባለቤቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ምን አለህ?»

«ተሽሏት ያውቃል ወይ አለኝ።»

«ነገርኸው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ጻፈው።»

ባለቤቴ ወደ ሐኪሙ ብዕር አየች። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እጅ ነሳችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ እሱም ከወንበሩ ተነሳ።

በነገርኩት ላይ ተመሥርቶ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር። ጭራሽ ተሽሎ የማያውቅ የሆድ ሕመም ምን ሊሆን እንደሚችል አስቦ ሌላ ክፉ በሽታ ጠረጠረ፤ መርፌ አዘዘ፤ በወሩ እንድንመልሳት ነገረን፤ በደንብ መግቧት አለን። መርፌውን ድሬሰሩ ወጋት፤ እኛም በደንብ መገብናት። ባለቤቴ ጠበሉን አላነሳችም። ተነግሮ የተጻፈ ነገር ስለሆነ ሐኪሙ ያውቃል ብላ ነበር የምታምነው።

ወሩ ሳይደርስ ልጅቷን ለደጋ አየር ብለን እንጅባራ ወደ አማቴ ቤት ወሰድናት። እኔ ሥራ ስለነበረኝ ተመለስኩ። ጤናማ አየር ነው፣ ወባ የለበት፣ ወተቱ የራስ ነው፣ ገብሱ የራስ ነው። አማቴ በሶውን በቅቤ ለውሰው፣ በጣታቸው ጫፍ እያድበለበሉ ከአፏ ያደርጉላት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። እምቢ ስትል ይለምኗታል። መጨረሻ ላይ እምቢ ማለቱንም ተወችው።

ለገበያ ወደ ዳንግላ የመጣ ዘመዳቸው ከክፍል አስጠርቶ ነገረኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር ጨርሼ የወጣሁ ይመስለኛል። ስደርስ ተቀብራለች። አማቴ ከደጅ ላይ ተቀብለውኝ፣ «የቻልኩትን ሁሉ አበላኋት፣ መምህር» አሉኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም።

ከባለቤቴ ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖርን፤ ሌሎች ልጆችም ወለድን፤ ሁሉም ገብስ በልተው አደጉ። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እሷ የያዘችው እምነት ይህ ነበር፦ ጠበሉ ተንቆ ተለየን፤ ሐኪሙ ደግሞ ሁሉን አውቆ አልቻለም፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ይህ እምነት ያሳርፋት ነበር፤ ያረፈችውም ሐኪሙ ሁሉን ያውቃል ብላ ነው። አንዳንድ ጊዜ ልነግራት አስቤ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ዕረፍቷን ልነጥቃት አልፈልግም ብዬ እተወዋለሁ። ለእሷ አዝኜ ነበር ብዬ እዚህ ብጽፍ ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። የፈራሁት ለራሴ ነው። እሷም ሳትሰማው ሞተች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ተዛውሬ ስሠራ፣ የአንድ ባልደረባዬ የልጅ ልጅ ታመመችና ልጠይቅ ሄድኩ። ልጅቷን የሚያክሙት ኢትዮጵያዊ ሐኪም እዚያው ነበሩ። አንጀታቸው ስንዴና ገብስ የማይቀበል፣ በበሉት ቁጥር ከውስጥ የሚቆስል ልጆች አሉ፤ ብዙ አይደሉም ግን አሉ ብለው ነገሩኝ። ሆዱ ይነፋል፣ መቀመጫው ይሟሽሻል፣ እዳሪው ይነጣል፣ ልጁ ነጭናጫ ይሆናል። መድኃኒቱ ያንን እህል ማስተው ብቻ ነው፤ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ አይጎዳቸውም። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ የልጄን ነገር ነገርኳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበሉንም ጨምሬ። እሳቸው ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ሳትመረመር የሞተችን ልጅ በሽታ ከዚህ ሆኖ መናገር አይቻልም አሉኝ። ከዚያ፣ «እዚያ ጠበል ምን ትበላ እንደነበር ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ማስታወስ የምችለው ባለቤቴ በሶ ይዛ መሄዷን መናገሯን ነው። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ በሶ በልታ ከዳነች የእኚህ ሐኪም ሐሳብ ፈረሰ ማለት ነው፤ የእኔም ውሸት ማንንም አልገደለም ማለት ነው። ይህ እንዲሆን እየተመኘሁ ወደ አገው ምድር ሄድኩ።

አብራ የነበረችው የባለቤቴ አክስት ግምጃ ቤት ከተማ ትኖር ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው። ከበሯ ፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና የመጣሁበትን ነገርኳት።

«ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው እህል ልትጠይቀኝ ነው?» አለችኝ።

«በሶ ይዛችሁ ነበር ወይ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ይዘን ነበር። ምን ያደርጋል፣ አጥማቂው አያስገቡም። ከቤት የመጣ እህል ከበር ይቀራል፤ ከአንዲት ቤት አደራ አስቀመጥነው፤ ስንመለስ ነቅዞ አገኘነው።»

«ታዲያ ምን በላችሁ?»

«እኛ የራሰ ሽምብራ። ልጅቷ መነኮሳይቱ የሚሠሩላት የዳጉሳ አጥሚት። እስከ ዘመን መለወጫ ከዚህ ሌላ እህል እንዳትቀምስ ብለው አስረውን ነበርና ሚስትህ ቤት ከገባችም በኋላ ጠብቃዋለች። ለአንተ አልነገረችህም፤ ዳጉሳ ስትሰማ ፊትህ ይጠቁራል ብላ።» የት እንዳለሁ ለማየት አንገቷን አዘነበለች። «ምነው፣ ዛሬ ምን ያደርግልሃል?»

ያረጀች ሴት ትውስታ ላይ ብቻ መተማመን አልፈለግሁም፤ ወይም እንድትሳሳት ገና እየተመኘሁ ነበር። በማግሥቱ በበቅሎ ወደ ጠበሉ ወረድኩ። የድሮው አጥማቂ ሞተዋል፤ በእግራቸው የተተኩት ቄስና በዚያ ክረምት ለሕሙማን ያበስሉ ከነበሩት መነኮሳይት አንዷ ነበሩ። ለየብቻ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መለሱልኝ። ቦታው ቆላ ነው፤ ገብስ አይበቅልበትም፤ ለሕሙማን የሚሰጠው ሽምብራና ዳጉሳ ነው፤ ከውጭ የመጣ እህል ሥርዓቱ ከተሠራ ጀምሮ ከበሩ አልፎ አያውቅም።